ከጉጠት እስከ ዩኒቨርሲቲ፦ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ታሪክ ከጅጋ ገጠር ሲታይ

“ጥርስ ባዳ ነው” ይባላል። ልብ ሲያዝን እርሱ መሳቁን ስለማይተው ከባለቤቱ ጋር የማይተዛዘን እንግዳ ተደርጎ የተቆጠረበት አነጋገር ነው። ይሁን እንጂ ጥርስ በታመመ ጊዜ ባዳነቱ ይቀራል። እንቅልፍ ይነሳል፤ ከእህል ያጣላል፤ ጆሮንና ራስን አስተባብሮ ይወጋል። በምዕራብ ጎጃም፣ በጃቢ ጠህናን ወረዳ፣ በጅጋ ከተማ ዙሪያ የሚኖር አንድ ገበሬ በክረምት እርሻ መካከል ይህ ሕመም ቢነሳበት የሚያደርገው ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። መጀመሪያ ቅርንፉድ ወይም ነጭ ሽንኩርት በታመመው ጥርሱ ነክሶ ያድራል። ሕመሙ ካልተወው ጥርስ በመንቀል ወደሚታወቅ የአካባቢው ሰው ይሄዳል። ይህም ካልሆነለት፣ ወይም ከተነቀለ በኋላ ጉንጩ አብጦ አፉ አልከፈት ካለ፣ ከጅጋ መኪና ተሳፍሮ ወደ ፍኖተ ሰላም ያመራል።

እነዚህ ሦስት እርምጃዎች የአንድ ገበሬ ጉዳይ ብቻ አይደሉም። የጥርስ ሕክምና ሙያ ራሱ በታሪክ የተጓዘባቸው ደረጃዎች ናቸው፤ በመጀመሪያ ቅመምና ቅጠላ ቅጠል፣ ቀጥሎ የባለ ጉጠቱ እጅ፣ በመጨረሻም በዩኒቨርሲቲ የተማረ ሐኪም። በብዙ አገር አንዱ ደረጃ ሌላውን እየተካ ሲሄድ፣ በጎጃም ገጠር ግን ሦስቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ። እንዲህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት የጥርስ ሐኪም የሚሠራበትን ትምህርት ታሪክ ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

እጅ ከመጽሐፍ የቀደመበት ዘመን

በኢትዮጵያ ጥርስን የመጠበቅም ሆነ የመንቀል ልማድ ከዘመናዊ ትምህርት በፊት የነበረ ነው። ከወይራ፣ ከክትክታና ከሌሎችም እንጨቶች የሚቆረጠው መፋቂያ በየቤቱ የታወቀ የአፍ ማጽጃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለባቸው አገሮች በመፋቂያ መጠቀምን አበረታቷል። ድድን መነቀስም ለውበት ሲባል በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ለረጅም ዘመን የቆየ ነው። የተሰበረ የሚጠግነውና የወለቀ የሚመልሰው ወጌሻ ያለበት አገር ጥርስ ነቃይም አላጣም። ይህ ሰው ሙያውን ያገኘው ከአባቱ ወይም ከጎረቤቱ በማየት ነው። መሣሪያው ጉጠት ነው። መንጋጋን እንዴት አጥብቆ እንደሚይዝ፣ ጥርሱን ወዴት እያወዛወዘ እንደሚያላላ እጁ ያውቃል። የማያውቀው ከዓይን የተሰወረውን ነው። ከድድ በታች ያለው ሥር ስንት እንደሆነና ወዴት እንደታጠፈ፣ በጉጠቱ ላይ ስለሚኖረው ረቂቅ ተሕዋስ፣ ከመንጋጋ ተነሥቶ ወደ አንገት ስለሚወርድ መግል የሚነግረው አልነበረም።

እጅ ያለ መጽሐፍ ሲሠራ የሚያስከፍለው ዋጋ በሕፃናት ላይ ጎልቶ ይታያል። ጨቅላ ሕፃን ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው፣ ገና ባልወጣው የክራንቻ ጥርስ ቦታ ላይ የሚታየው የድድ እብጠት የበሽታው ምንጭ ተደርጎ ይወሰዳል። “ግግ ነው” ይባልና ድዱ ተሰንጥቆ የጥርሱ ቡቃያ ይወጣል። እብጠቱ ግን በሽታ አይደለም፤ የሚበቅል ጥርስ ምልክት ነው። ሕፃኑን ያሳመመው ሌላ ሆኖ ሳለ ደም መፍሰስና ቁስል ማመርቀዝ ይጨመርበታል። ከሥሩ ያለው የቋሚ ጥርስ ቡቃያም ሊጎዳ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 የሕፃናትን እንጥል መቁረጥና የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዶች ተራ አስገብቶ ያስቀጣል። ሆኖም ልማድን ብቻውን የሚያስቀር ሕግ የለም። እናት ለታመመ ልጇ አንድ ነገር ማድረግ ትፈልጋለች፤ በአቅራቢያዋ የሚታየው እጅ የባለ ጉጠቱ ከሆነ ወደዚያው ትሄዳለች።

ሙያው ከመንገድ ዳር ወደ ትምህርት ቤት

እጅ ከመጽሐፍ መቅደሙ የኢትዮጵያ ልዩ ዕጣ አይደለም። በአውሮፓም ጥርስ የሚነቅሉት ፀጉር አስተካካዮችና በየገበያው የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ። ያወቁትንም እንጀራቸው ስለሆነ በምሥጢር ይጠብቁት ነበር። ይህን ልማድ የሰበረው ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር ነው። እ.ኤ.አ. በ1728 በፓሪስ ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ የጥርስን አሠራር፣ በሽታውንና ሕክምናውን ከነመሣሪያዎቹ ዘርዝሮ ለሁሉም ገለጠ። ጥርስን የሚበላው ትል ነው የሚለውን ጥንታዊ እምነት አልተቀበለም፤ ስኳር ጥርስን እንደሚጎዳም አስጠነቀቀ። ይህ የትል እምነት በኢትዮጵያም “ጥርሴን ትል በላው” በሚለው አነጋገር ውስጥ እስከ ዛሬ ይሰማል።

መጽሐፉ በራሱ ትምህርት ቤት አልሆነም። የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ በሆራስ ሄይደንና በቻፒን ሃሪስ አማካይነት በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የተቋቋመው ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ከዚያ በኋላ የጥርስ ሐኪሞች ለመላው ሕክምና ውለታ ለመዋል ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሆራስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1844 በናይትረስ ኦክሳይድ ጋዝ፣ ዊልያም ሞርተን እ.ኤ.አ. በ1846 በኤተር በሽተኛን ከሕመም አሳርፈው የማደንዘዣን በር ከፈቱ። ሁለቱም የጥርስ ሐኪሞች ነበሩ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1867 የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ሲከፍት ሙያው የዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1890 በበርሊን ያስተምር የነበረው ዊሎቢ ሚለር፣ በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከስኳርና ከስታርች አሲድ እንደሚሠሩና አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ሽፋን እንደሚያሟሟ አስረዳ። የትሉ ተረት በዚህ ሳይንሳዊ መልስ አገኘ።

ከእነዚህ ሁሉ ኢትዮጵያን በቅርብ የሚነካው የፍሎራይድ ታሪክ ነው። ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ በኮሎራዶ ነዋሪዎች ጥርስ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አይቶ ምክንያቱን ሲፈልግ ኖረ። ምክንያቱ በሚጠጣው ውኃ ውስጥ የበዛ ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ይኸው ንጥረ ነገር በመጠኑ ሲሆን ግን ጥርስን ከመበስበስ እንደሚጠብቅ ተረጋገጠ። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሚታየው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ በጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም እጅግ በልጦ ተገኘ። የጥርስ መበለዝና የአጥንት ጉዳት በሠራተኞችና በልጆቻቸው ላይ ደረሰ። በጎጃም ደጋ ያለው ውኃ በአብዛኛው ከዚህ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ለወንጂ ልጅ ውኃውን ማጣራት፣ ለጅጋ ልጅ ግን ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ማቅረብ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን መለየት የሚችለው ኬሚስትሪን፣ ፊዚዮሎጂንና የማኅበረሰብ ጤናን አብሮ የተማረ ሰው እንጂ ባለ ጉጠት አይደለም።

በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት አመጣጥ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና ከውጭ በመጡ ሰዎች እጅ ተጀመረ። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ደርሶ ቁስለኞችን አክሟል። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው ወደ ሕንድ ተወስደው በላሆር የተማሩ ናቸው። ሐኪም መሆን ከፈለጉ ባሕር መሻገር ግድ የነበረበት ዘመን ነበር። በጣሊያን ወረራ ወቅት ደግሞ ከተማሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ስለተገደሉ፣ ከነጻነት በኋላ የሰው ኃይል ጉዳይ ከባዶ የተጀመረ ያህል ሆነ።

በአገር ውስጥ የጤና ባለሙያ የማሠልጠኑ ሥራ መልክ የያዘው በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጣቢያ ሲከፈት ነው። ኮሌጁ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ እርዳታ የተቋቋመ ሲሆን የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። ኮሌጁን ልዩ ያደረገው ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን በክፍል ብቻ የሚጨርሱ አለመሆናቸው ነው። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒቴሪያኑ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወርደው ይሠሩ ነበር። ለሥራ የሚሄዱበትን ቦታ ተማሪ ሳሉ አዩት። ዋና ከተማ ሆኖ በሽተኛው እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ በሽተኛው ወዳለበት መሄድን ትምህርቱ ራሱ አስተማራቸው።

ከዚህ በኋላ የሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1964 በአዲስ አበባ ተቋቋመ። የጎንደሩ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞችን ወደ ማሠልጠን ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲቲዩት ደግሞ ተማሪን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከኅብረተሰቡ ጋር ማገናኘትን መመሪያው አደረገ።

በእነዚህ ዓመታት የጥርስ ሕክምና በትምህርቱ አዳራሽ ውስጥ ባዳ ሆኖ ቆይቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጥርስ ሐኪም ለመሆን የሚሹ ወጣቶች ወደ ውጭ ይላኩ ነበር፤ በተለይ ከ1966ቱ ለውጥ ወዲህ ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ሌሎች የሶሻሊስት አገሮች። በሶቪየት ሥርዓት ሙያው “ስቶማቶሎጂ” እየተባለ የአጠቃላይ ሕክምና ቅርንጫፍ ተደርጎ ይሰጣል። በአሜሪካ ፈለግ ግን ከሕክምና ትምህርት ቤት የተለየ፣ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ስለዚህ ከተለያየ አገር የተመለሱ ሁለት የጥርስ ሐኪሞች አንድን በሽተኛ ሲያዩ የሚናገሩት ቃልና የሚጀምሩበት መንገድ የተለያየ ሊሆን ይችል ነበር።

የአገር ውስጡ ትምህርት የዘገየበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳና የወሊድ ሞት ባሉበት አገር የጥርስ በሽታ ብዙ ጊዜ ስለማይገድል ከቁጥር አይገባም። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ውድ ነው። ለአንድ ተማሪ ወንበር፣ መብራት፣ ንጹሕ ውኃ፣ የታመቀ አየርና መሰርሰሪያ ያስፈልጉታል። 50 ተማሪ አንድ የሳንባ በሽተኛ ከብቦ ሊማር ይችላል፤ በአንድ አፍ ውስጥ ግን ከአንድ ተማሪ በላይ መሥራት አይችልም። የጥርስ ሕክምና ዶክተርነት ዲግሪ በጅማ፣ በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በሌሎችም ተቋማት የሚሰጥ ትምህርት እስኪሆን ድረስ የቆየው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

ከመሠረታዊ ሳይንስ ወደ ክሊኒክ

ትምህርቱ የሚሄድበትን መንገድ ለጎጃም ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቅኔ ቤቶቹ በታወቀው በዚህ አገር ፊደል ያልለየ ዳዊት አይደግምም፤ ንባብ ያላደላደለም ቅኔ ቤት ገብቶ አይቆጥርም። የጥርስ ሕክምና ተማሪም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሌላው የሕክምና ተማሪ ጋር የሰውነትን ክፍሎች፣ የአካልን አሠራር፣ ባዮኬሚስትሪን፣ ረቂቅ ተሕዋስያንን፣ የበሽታን ጠባይና የመድኃኒትን ሥራ ይማራል። ጥርስ ሊያይ የመጣ ተማሪ ስለ ልብና ስለ ጉበት መማሩ ምን ይሠራልኛል ብሎ የሚያጉረመርመው በዚህ ጊዜ ነው። መልሱን የሚያገኘው ቆይቶ ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ድዱ ለምን እንደማይድን፣ የልብ ቧንቧ ክዳን ሕመም ያለበት ሰው ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ለምን ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ሊያስፈልገው እንደሚችል፣ ደም የማይረጋለት ሰው በአንድ መንጋጋ ምክንያት ለምን አደጋ ላይ እንደሚወድቅ ያኔ ይገባዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የእጅ ትምህርት ነው። ተማሪው የእያንዳንዱን ጥርስ ቅርጽ በሰም ይቀርጻል፤ በሰው ራስ አምሳያ ላይ በተተከሉ ሰው ሠራሽ ጥርሶች መቦርቦርንና መሙላትን ይለማመዳል። እዚህ ላይ የጥንቱ ባለ ጉጠት ሳይታሰብ ይመለሳል። በአንድ ሚሊሜትር ልክ መቆም የሚችል፣ ሳይፈራና ሳይቸኩል የሚሠራ እጅ በንባብ ብቻ አይገኝም። ከዚያ በኋላ በሽተኛ ፊት ይቀርባል። በአስተማሪ ቁጥጥር ሥር ሆኖ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ይነቅላል፤ ይሞላል፤ የጥርስን ሥር ያክማል፤ የድድን በሽታ ይከታተላል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል፤ የራጅ ፊልም ያነባል፤ ሕፃናትን ማባበልም ይማራል። ዋናው ፈተና ግን ምን እንደሚነቀል ማወቅ ሳይሆን ምን እንደማይነቀል ማወቅ ነው። ባለ ጉጠቱን ከሐኪሙ የሚለየው ይህ ነው።

የተማረው እጅ ወደ ጅጋ ሲሄድ

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደተነሣበት ቦታ ይመለሳል። በኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታቅደዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ ሴት ሠራተኞችን እስከ ቀበሌ አድርሷል። የሕፃናት ክትባትና የወሊድ አገልግሎት ከዚህ መሰላል ብዙ ተጠቅመዋል። የጥርስ ሐኪም ግን በአብዛኛው የሚገኘው በመሰላሉ የላይኛው ጫፍ፣ በትልልቅ ሆስፒታሎችና በከተማ የግል ክሊኒኮች ነው። ስለዚህ በጅጋ ገጠር ያለ ሰው ወደ ጥርስ ሐኪም የሚደርሰው ጥርሱ ሊድን በሚችልበት ጊዜ ሳይሆን መነቀል ብቻ በሚቀረው ጊዜ ነው። ይህ በሆነ ቁጥር ሕዝቡ “የጥርስ ሐኪም ማለት ነቃይ ነው” የሚለውን ግምት ያጸናል። ሐኪሙም ከዓመታት ትምህርት በኋላ ከባለ ጉጠቱ የሚለይበትን ዕውቀት ሳይጠቀምበት ይውላል።

ነገሩ ወደፊት የሚብስ እንጂ የሚቀል አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያልፋል። ይህ መንገድ የገበሬውን በቆሎና በርበሬ ወደ ገበያ ሲያወጣ ስኳር፣ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥም ያስገባል። ፎሻርና ሚለር ያስጠነቀቁበት ነገር በየመንገድ ዳሩ ሱቅ ይሸጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎች የአፍ በሽታ እንዳለባቸውና ከእነዚህም አብዛኞቹ በመካከለኛና በዝቅተኛ ገቢ አገሮች እንደሚኖሩ ገልጿል።

ተስፋ የሚሰጥ ምሳሌም ከሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በጎረቤት ምሥራቅ አፍሪካ፣ በታንዛኒያ፣ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ መሰርሰሪያ ጥርስን የማከም ዘዴ ተፈተነ። የተበላሸው የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ተፍቆ ይወጣና ቦታው ከጥርስ ጋር በሚጣበቅና ፍሎራይድ በሚለቅ ማዕድናዊ ስሚንቶ ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ጤና ቀንን ለአፍ ጤና በሰጠበት ዓመት ይህን ዘዴ አስተዋወቀ። ዘዴው ቀላል ቢመስልም የድንቁርና ሥራ አይደለም። የትኛው የጥርስ ክፍል እንደሚወጣ፣ የትኛው ቢቀር እንደሚድን፣ ስሚንቶው እንዴት እንደሚይዝ የሚወስነው መሠረታዊ ሳይንስ ነው። በጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ፣ በመስኮት ብርሃን ሊሠራ ይችላል። ለዘመናት ተለያይተው የኖሩት እጅና መጽሐፍ በዚህ ዘዴ ተገናኙ ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ለሙያው ባለቤቶች አንድ ጥያቄ ያቀርባል። የጥርስ ሐኪም ተማሪ ለዓመታት የሚያየው ዘመናዊ ወንበር፣ የማይጠፋ መብራትና በጊዜ የመጣ በሽተኛ ብቻ ከሆነ፣ ወደ ጅጋ ሲመደብ ሙያው ከእርሱ ጋር እንደማይሄድ ይሰማዋል፤ ቀኑን ቆጥሮ ወደ ከተማ ይመለሳል። ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አይሆንም፤ ለዚያ ቦታ አልተዘጋጀምና። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተጀመረው ሥርዓት ለዚህ መልስ ነበረው። የሕዝብ ጤና ተማሪ ጤና ጣቢያ ሳይወርድ እንዳልተመረቀ ሁሉ የጥርስ ሕክምና ተማሪም ከክሊኒክ ዘመኑ የተወሰነውን ወር እንደ ጅጋ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያ ቢያሳልፍ፣ በእጅ መሣሪያ መሙላትን ቢለማመድ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ስለ ግግና ስለ መፋቂያ ቢያስተምር፣ ጥርስ ነቃዩንም አግኝቶ ስለ ንጽሕናና በሽተኛን ወደ ጤና ጣቢያ ስለ መላክ ቢነጋገር፣ ትምህርቱ አይጎድልበትም፤ ይሞላለታል።

ሙያው ከገበያ መንገድ ዳር ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በአውሮፓና በአሜሪካ ከ100 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ከዩኒቨርሲቲው ተነሥቶ የጅጋን ገበያ ለመድረስ ሌላ 100 ዓመት መጠበቅ አይገባውም። መንገዱ አለ፤ የቀረው መምህሩና ተማሪው አብረው መሳፈራቸው ነው።